ስለ ባርነት የተጻፉ ልብ ወለዶችን ስናነብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያውና ብዙዎቻችን የምንወድቅበት ስህተት ለፍርድ መቸኮል ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. በታተመው የአሜሪካዊቷ ደራሲ የቶኒ ሞሪሰን «ቢላቭድ» ውስጥ ከባርነት ያመለጠች እናት አሳዳጆቿ ሲደርሱባት ልጇ ወደ ባርነት እንዳትመለስ በገዛ እጇ ትገድላታለች። አንባቢው «ጨካኝ» ወይም «ጀግና» ብሎ መገላገል ይፈልጋል። የልብ ወለዱ መነሻ የሆነችው፣ በእውን የነበረችው ማርጋሬት ጋርነር በ1856 እ.ኤ.አ. ክረምት በረዶ የሠራውን የኦሃዮ ወንዝ ተሻግራ ባርነት ከነበረበት ከኬንታኪ ባርነት ወደተከለከለበት ሲንሲናቲ ከገባች በኋላ ስትያዝ የሁለት ዓመት ሴት ልጇን ገድላለች። ክርክሩ በነፍስ ግድያ ትከሰስ ወይስ እንደ ንብረት ለጌታዋ ትመለስ የሚል ነበር፤ በግድያ መከሰስ ሰው መሆኗን ማመን በመሆኑ፣ እንድትከሰስ የሚሟገቱላት የባርነት ተቃዋሚዎች ነበሩ። በመጨረሻ በ1850 እ.ኤ.አ. በወጣው የኮብላይ ባሪያዎች ሕግ መሠረት ተመለሰች። ሕጉ ሰውነቷን የካደባትን እናት በሰው ሚዛን መመዘን እንዴት እንደሚከብድ ከዚህ ይታያል። ሆኖም ሞሪሰን የልብ ወለዱን እናት በነጻ አታሰናብታትም፤ ጎረቤቶቿ ያገሏታል፣ የሞተችው ልጅም ወደ ቤቷ ተመልሳ ትመጣለች። ይህን መጽሐፍ አንብቦ ያልተጨነቀ ሰው፣ በእኔ እምነት፣ ቸኩሎ አንብቦታል።

ሁለተኛው ስህተት በደግ ጌታ መጽናናት ነው። በዚሁ መጽሐፍ የእርሻው ባለቤት ባሪያዎቹን እንደ ወንድ ያከብራቸዋል፤ አንዱም እሑድ እሑድ እየሠራ የእናቱን ነጻነት እንዲገዛ ይፈቅድለታል። ሰውዬው ሲሞት ግን ሁሉም ነገር አብሮት ይቀበራል፤ የእነርሱ ክብር በእርሱ እስትንፋስ ላይ የተንጠለጠለ ነበርና።

ሦስተኛው ተበዳይን ሁሉ ንጹሕ አድርጎ መጠበቅ ነው። በኤድዋርድ ፒ. ጆንስ «ዘ ኖውን ወርልድ» (2003 እ.ኤ.አ.) በባርነት ያለ አንድ ጥቁር አባት በመጀመሪያ የራሱን፣ ቀጥሎ የሚስቱንና የልጁን ነጻነት በላቡ ይገዛል፤ ልጁ ግን አድጎ ራሱ ባሪያ ይገዛል። አባትየው ይህን ሲሰማ በበትር ትከሻውን ይሰብረዋል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳምመው ግን አባትየው ራሱ ሚስቱንና ልጁን በሕግ ፊት ንብረቱ አድርጎ ማቆየቱ ነው፤ የቨርጂኒያ ሕግ ነጻ የወጣ ሰው በዓመት ውስጥ ግዛቱን እንዲለቅ ያዝዝ ነበርና፣ ቤተሰብን በአንድነት ለማቆየት ያለው መንገድ ያ ነበር።

እዚህ ላይ እኛ አማርኛ አንባቢዎች የምንሠራው አራተኛ ስህተት አለ፤ ጥቁር ሰው ጥቁርን ሲገዛ ስናይ እንደ ሩቅ አገር ጉድ መደነቅ። በአገራችንም ባሪያ ይፈነገል፣ ይሸጥ ይለወጥ ነበር፤ በአዋጅ የተሻረውም በ1934 ዓ.ም. ነው። «ባሪያ» የሚለው ቃል ግን ዛሬም ለስድብ ይውላል፤ «ቢላቭድ»ን እያነበብን ለእናቲቱ የምናለቅስ ሰዎች፣ ያው ቃል በቤታችን ሲነገር ዝም ብለን እናልፋለን።