የድርጅታችሁን ዜና በፖስታ ካርድ ላኩት

ለደንበኞቻችሁ በየጊዜው የድርጅታችሁን ዜና በወረቀት የምትልኩ ከሆነ፣ ኤንቨሎፑን ተዉት። ፖስታ ካርድ ሞክሩ።

ከአንድ ኤፎር ወረቀት አራት ካርድ ይወጣል፤ እያንዳንዱ 10.5 በ14.8 ሳንቲሜትር። ማጠፍ የለ፣ ማሸግ የለ። ደግሞ ሳይከፈት ይነበባል። ተላላኪው ሳይቀር መንገድ ላይ ያነበዋል፣ እሱም ማስታወቂያ ነው።

ወረቀቱ ጠንከር ይበል፤ በካሬ ሜትር 250 ወይም 300 ግራም የሚመዝን ይበቃል። እኔ መጀመሪያ ፒያሳ ያሳተምኩት ሁለቱም ፊቱ የሚያብለጨልጭ ነበር። ሲያዩት ያምራል! አድራሻ ልጽፍበት ስል ግን እስክሪብቶው እምቢ አለኝ። የያዘው ቀለምም በአውራ ጣቴ ተዝረከረከ። ያ ሁሉ ካርድ ገደል ገባ። ስለዚህ የፎቶው ፊት ብቻ ያብለጭልጭ፣ የአድራሻው ፊት ደረቅ ይሁን።

ጽሑፍ አታብዙ። አንድ ዜና፣ አንድ ዋጋ፣ ስልክ ቁጥር፣ በቃ። የቀረውን ቴሌግራም ላይ ጫኑና ኪውአር ኮድ አድርጉበት። ያልተከፈለ ሂሳብ ግን እንዳታስታውሱበት፤ ሰው ፊት ማዋረድ ነው።

የጀርባው ቀኝ ግማሽ ለቴምብርና ለአድራሻ ባዶ ይቅር። የፖስታ ሳጥን ቁጥሩን ጎላ አድርጋችሁ ጻፉ። «ከባንኩ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር» የሚለው አድራሻ ለታክሲ እንጂ ለፖስታ አይሆንም።

ሁሉንም ከማሳተማችሁ በፊት አንድ ናሙና ይዛችሁ ቸርችል ጎዳና ዋናው ፖስታ ቤት ብቅ በሉ። መስኮቱ ላይ አሳዩና የቴምብሩን ዋጋ ጠይቁ።