የአንቲባዮቲክ ጄልን በዴንድሪመር ማሻሻል፦ እንዴት ይሠራል?

ብዙ አንቲባዮቲኮች ከውሃ ጋር አይስማሙም። ጄል ውስጥ ሲገቡ ሳይሟሙ ይቀራሉ፤ ያልሟሟ መድኃኒት ደግሞ ወደ ቆዳ አይዘልቅም። ዴንድሪመር ከመሃሉ ጀምሮ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ላይ እያወጣ የተሠራ ፖሊመር (ከተደጋጋሚ ክፍሎች የተገነባ ትልቅ ሞለኪውል) ነው። መድኃኒቱን በጉያውና በጫፎቹ ይዞ ውሃ ውስጥ ያሟሟዋል። ሥራው የላብራቶሪ ነው፤ ቤት ውስጥ ቀላቅሎ ቁስል መቀባት ጨርሶ አይታሰብም።

ከዴንድሪመሮች በብዛት የተጠናው ፓማም (PAMAM) የሚባለው ነው። አንድ ዙር ቅርንጫፍ በተጨመረ ቁጥር «ትውልዱ» በአንድ ያድጋል። አራተኛው ትውልድ 64፣ አምስተኛው 128 የአሚን (ናይትሮጅን ያለበት ክፍል) ጫፎች አሉት። «ትልቁ ይሻላል» የሚለው አይዋጥልኝም፤ ትውልዱ ሲያድግ ሴል የመጉዳት ኃይሉም ያድጋል። ለመጀመሪያ ሙከራ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ይበቃል።

ፓማም ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው ሜታኖል ውስጥ ሟሙቶ ነው። ሜታኖሉን በቫኪዩም አስወግዳችሁ የቀረውን በውሃ አሟሙ። ለምሳሌ የቆዳ አንቲባዮቲክ የሆነውን ናዲፍሎክሳሲንን ከሚሟሟው በላይ ጨምሩበት፤ ከብርሃን ጋርዳችሁ ቢያንስ ለ24 ሰዓት በሸከር (በመናጫ መሣሪያ) አናውጡት። ከዚያ አጣሩና የሟሟውን ለኩ። ጎን ለጎን በንጹህ ውሃም ሞክሩ፤ አለዚያ ለውጡን በምን ታውቃላችሁ?

ጣጣው ያለው ጄሉ ላይ ነው። ብዙ ሰው እጁ የሚሄደው ካርቦመር ወደሚባለው የጄል ማወፈሪያ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ያምራል። ግን ካርቦመር ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው፣ የፓማም አሚኖች ደግሞ ፖዘቲቭ። ሁለቱ ሲገናኙ ተያይዘው እንደተበላሸ ወተት ይቋጠራሉ፤ ጄሉም ይቀጥናል። በማማሰል አይድንም። የካርቦመር ጄልን ለማወፈር የሚጨመረውን ቤዝ፣ ትራይኢታኖላሚንን፣ መጨመርም ካርቦመሩን ይበልጥ ኔጋቲቭ ያደርገዋል እንጂ ጠቡን አያበርደውም።

ስለዚህ ቻርጅ የሌለውን ማወፈሪያ፣ ኤችፒኤምሲን (ከሴሉሎስ የሚሠራ ዱቄት)፣ ያዙ። ዱቄቱን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ከነሰነሳችሁት ላዩ ብቻ ይርስና ውስጡ ደረቅ የሆነ ጓል ይሠራል። በቅድሚያ ከውሃው ሲሶውን 80 ዲግሪ አካባቢ አሙቁና በትኑበት፤ በሙቅ ውሃ አይሟሟም፣ ይበተናል እንጂ። ከዚያ የቀረውን ቀዝቃዛ ውሃ ስትጨምሩ እየወፈረ ይሄዳል። ያጣራችሁትን የመድኃኒትና የዴንድሪመር ፈሳሽ ጄሉ ከቀዘቀዘ በኋላ በዝግታ አስገቡ፤ ፈጣን ማማሰያ አረፋ ብቻ ነው የሚያተርፈው። አሳድሩት።

በነጋታው ፒኤቹን ለኩ፣ ጠብታ ወስዳችሁም በማይክሮስኮፕ እዩ። መርፌ መሳይ ክሪስታል ከታየ መድኃኒቱ ተመልሶ ወጥቷል ማለት ነው።

በመጨረሻ ባክቴሪያ በተዘራበት አጋር (የባክቴሪያ ማሳደጊያ ዝልግልግ) ላይ ሞክሩት። መድኃኒት የሌለበት፣ ዴንድሪመር ብቻ ያለው ጄልም አብሮ ይፈተን። የአሚን ጫፎቹ ራሳቸው ባክቴሪያ ስለሚገድሉ፣ ያ ጄል ከሌለ የትኛው እንደሠራ አይለይም።