በፈረስ ላይ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ሲያምም፦ መጀመሪያ እርካቡን ለኩ

ፈረስ ግልቢያ ማስተማርና እንግዶችን ወደ ወንጪና ወደ ባሌ ተራሮች ይዞ መውጣት ሥራዬ ከሆነ 16 ዓመት አልፎኛል። በእነዚህ ዓመታት «ጉልበቴን!» ብሎ መንገድ ላይ የወረደ ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። ብዙዎቹ «ከእንግዲህ ፈረስ በቃኝ፤ ጉልበቴ አልቋል» ብለው ተመልሰዋል። በጣም የሚቆጨኝ ይህ ነው። የብዙዎቹ ጉልበት ጤነኛ ነበር፤ የታመመው እግር የሚገባበትን እርካብ ከኮርቻው ላይ የሚያንጠለጥለው ጠፍር ነው።

የኮርቻው ማሰሪያ መጥበቁን፣ ከኮርቻው ሥር ያለው ምንጣፍ (ግላሱ) አለመሸብሸቡን፣ ፈረሱ አለማነከሱን አይታችሁ እንደወጣችሁ እቆጥራለሁ። ከዚያ በኋላ ሕመም ከመጣ «ጉልበቴን» ማለት ብቻ አይበቃም። የሚያመው ቦታ ላይ ጣታችሁን አሳርፉ። ከፊት ነው? ከውስጥ ነው? በሁለቱም እግር ነው ወይስ በአንዱ? መልሱ ወደ መንስኤው ይመራችኋል።

ሕመሙ ከፊት፣ ከጉልበቱ ሎሚ ሥር ከሆነ

እርካቡ አጥሯል። ጉልበት ከልክ በላይ ታጥፎ ለሰዓታት ሲቆይ ሎሚው ከበስተኋላው ያለውን አጥንት ይጫነዋል። ፈረሱ ሶምሶማ ሲጀምር ደግሞ ከምቱ ጋር ብድግ ቁጭ ትላላችሁ፤ ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው በዚያው በታጠፈው ጉልበት ላይ ነው።

የኪራይ ፈረስ እርካብ የሚያጥርበት ምክንያት ግልጽ ነው። ባለፈረሶቹ አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ ጠፍሩን የሚቋጥሩት በራሳቸው እግር ልክ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ85 የሆነ እንግዳ ሲመጣም የሚጠብቀው ያው ቋጠሮ ነው። አርዝሙት ስላቸው «ጋሼ፣ ልክ ነው፤ ሁሉም በዚህ ነው የሚወጣው» ይሉኛል። ሁሉም በዚህ ስለሚወጣ ነው ሁሉም እያነከሰ የሚወርደው። ቋጠሮ መፍታት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አምስት ደቂቃ የሚሰስት ባለፈረስ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈረስ ምረጡ።

አለካኩ እንዲህ ነው። ሳትወጡ በፊት የጣቶቻችሁን ጫፍ ጠፍሩ ከኮርቻው በሚነሣበት ቦታ ላይ አሳርፉና እርካቡን በተዘረጋው ክንዳችሁ ሥር ወደ ብብታችሁ ሳቡት። መርገጫው ብብታችሁ ድረስ ከደረሰ ለመነሻ ይበቃል። ከወጣችሁ በኋላ ሁለቱንም እግር ከእርካብ አውጥታችሁ እንዲሁ ልቀቋቸው፤ መርገጫው የቁርጭምጭሚታችሁን አጥንት መንካት አለበት። ከአጥንቱ በላይ ከቀረ አጭር ነው። ቀኑን ሙሉ በእርምጃ ለሚሄድ ሰው ከዚህም አንድ ቀዳዳ ማርዘም ይሻላል። ከዚያ በላይ ግን አታርዝሙ፤ እግር ጣቱን ዘርግቶ እርካብ ሲፈልግ ባት ይኮማተራል፣ ሚዛንም ይጠፋል።

አንዱ ጉልበት ብቻ ካመመ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ደጋግሜ ያየሁት፣ ደጋግሞም ያናደደኝ ችግር ይህ ነውና። መንስኤው የሁለቱ እርካቦች እኩል አለመሆን ነው።

ሰው ፈረስ ላይ የሚወጣው ሁልጊዜ ከአንድ ጎን ነው። በወጣ ቁጥር መላ ክብደቱ በዚያ ጎን ጠፍር ላይ ይንጠለጠላል። በቀን አሥር ሰው ከወጣ ጠፍሩ አሥር ጊዜ ይጎተታል፤ ቆዳ ደግሞ ይለጠጣል። ከወራት በኋላ የመውጫው ጎን ሁለት፣ ሦስት ጣት ረዝሞ ይገኛል። ዘለበቱ ግን በሁለቱም በኩል አራተኛው ቀዳዳ ላይ ነው! ቀዳዳ ቆጥሮ «እኩል ነው» የሚል ሰው አልለካም። እርካብ የሚለካው ከላይ ከተነሣበት እስከ መርገጫው ነው።

በረዘመው በኩል ያለው እግር እርካቡን ፍለጋ ወደ ታች ይሳባል። ዳሌ ያጋድላል። ባጠረው በኩል ያለው ጉልበት የበለጠ ታጥፎ የበለጠ ይሸከማል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ጉልበት የሚያመው ባጠረው ጎን ነው፤ በረዘመው ጎን የሚያመው ባትና ቁርጭምጭሚት ነው። የአንዱን እግር ጉልበትና የሌላውን እግር ቁርጭምጭሚት በአንድ ቀን የሚያመው ሰው ሲመጣ ገና ሳልለካ መልሱን አውቀዋለሁ።

አንዲት የሒሳብ ባለሙያ የሆነች እህት ያገለገለ ኮርቻ ገዝታ ትጋልብ ነበር። ቀኝ ጉልበቷን አራት ወር ሙሉ አመማት። ራጅ ተነሣች፤ ምንም አልተገኘም። ቅባት ገዛች፣ የጉልበት ማሰሪያ ገዛች፣ በመጨረሻም ኮርቻውን ልትሸጥ ወሰነች። ከመሸጧ በፊት ወለሉ ላይ ገልብጬ ሁለቱን ጠፍሮች ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። ግራው በ4 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። እርሷ ላልለጠጠችው፣ የቀድሞው ባለቤት ለዓመታት ለለጠጠው ጠፍር ነበር የምትከፍለው። አዲስ ጥንድ አሠራን። በሦስተኛው ሳምንት የጉልበት ማሰሪያውን ቤቷ ትታ መጣች።

ሌላው ወንጪ ላይ የገጠመኝ ነው። ጊዜው ክረምት ነበር። የአንዱ ፈረስ የግራ ጠፍር ተበጥሶ ኖሮ ባለፈረሱ በናይለን ገመድ ተክቶታል፤ የቀኙ ጥሬ ቆዳ ነው። ጠዋት ስለካቸው ልክ ነበሩ። ወደ ሐይቁ ስንወርድ ዝናብ መጣ። ጥሬ ቆዳ ሲርስ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ናይለኑ ግን አይነቃነቅም። ተመልሰን ዳገቱን ስንወጣ በሁለቱ እርካቦች መካከል አንድ መዳፍ ያህል ልዩነት ነበር። እንግዳው አባት የስልሳ ዓመት ሰው ናቸው፤ ቃል ሳይተነፍሱ ጥርሳቸውን ነክሰው ሁለት ሰዓት ችለውታል። ሳወርዳቸው ግራ ጉልበታቸው አልዘረጋ ብሎ ነበር። በአንድ ኮርቻ ላይ ሁለት ዓይነት ጠፍር አትሰሩ! ወይ ሁለቱም ቆዳ፣ ወይ ሁለቱም ገመድ ይሁኑ። በክረምት ደግሞ ዝናብ በወረደ ቁጥር እንደገና ለኩ።

ፈረሱም ይመሰክራል። ኮርቻው ሲነሣ ጀርባውን እዩት። በአንድ ጎን ብቻ ገጣባ ካለው ወይም ጠጉሩ በአንድ ጎን ብቻ ከተበላ፣ ለረጅም ጊዜ የተጋደለ ሰው ሲሸከም ኖሯል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ፈረስ አትውጡት። የእናንተ ጉልበት ነገ ይድናል፤ ገጣባ ላይ እንደገና ኮርቻ መጫን ግን ግፍ ነው።

ጠፍሮቹ እኩል ሆነው እያለ እርካቦቹ እኩል ካልተንጠለጠሉ ኮርቻው ራሱ ዞሯል፣ ወይም ከሥሩ ያለው ምንጣፍ በአንድ በኩል ተጠቅልሏል። ፈረሱን ሜዳ ላይ አቁማችሁ ከፊቱ ሁለት ሜትር ራቅ ብላችሁ ሁለቱን መርገጫዎች ተመልከቱ። ተዳፋት ላይ አትመልከቱ፤ ያሳስታችኋል።

መፍትሔው እንግዲህ፣ ዘለበት ያላቸውን ጠፍሮች በየወሩ ግራና ቀኝ ማቀያየር ነው፤ ያን ጊዜ ሁለቱም እኩል ይለጠጣሉ። ስትወጡም ድንጋይ ወይም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆማችሁ ውጡ፤ ለጠፍሩም፣ ለፈረሱ ጀርባም፣ ለጉልበታችሁም ይበጃል። መንገድ ላይ ከሆናችሁና ቢላ ወይም ወስፌ ከሌለ፣ የረዘመውን ጠፍር በእርካቡ አናት ላይ አንድ ጊዜ ጠቅልሉት፤ ያጥራል። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ ለወራት ተጋድሎ የኖረ ሰው እኩል እርካብ ሲሰጡት «ይሄኛው አጠረ» ይላል። ሰውነቱ መጋደሉን ለምዶታል። በስሜት አታስተካክሉ፤ በመለኪያ አስተካክሉና ጥቂት ቀን ታገሡ።

ሕመሙ በጉልበቱ የውስጥ ጎን ከሆነ

ፈረሱን በጉልበታችሁ ጨምቃችሁ ይዛችኋል። ይህ የፍርሃት ሥራ ነው፤ ሰው ሲፈራ ያገኘውን ይጨብጣል። ግን በጉልበት መጨመቅ ይባስ ከኮርቻው ወደ ላይ ይገፋችኋል። ክብደታችሁ በጭናችሁ በኩል ወደ ተረከዝ ይውረድ፤ ጉልበት ኮርቻውን ይንካ እንጂ አይነክሰው።

ሁለተኛው መንስኤ ጣትን በግድ ወደ ፊት ማዞር ነው። ጉልበት እንደ በር ማጠፊያ ነው፤ ይታጠፋል ይዘረጋል እንጂ መጠምዘዝ አይወድም። የእግር አቅጣጫ የሚስተካከለው ከዳሌ ነው። ጭናችሁን ከላይ በእጃችሁ ያዙና ሥጋውን ወደ ኋላ ሳቡት፤ መላ እግሩ አብሮ ይዞራል። ዳሌያችሁ የሚፈቅደው እስከ ጥቂት ብቻ ከሆነ ጣታችሁ ትንሽ ወደ ውጭ ቢያይ ምንም አይደለም። ሆደ ሰፊ ፈረስም ይህንኑ ሕመም ያመጣል። ጉልበታቸው ቀድሞ የታመመ ሰዎች ጠበብ ያለ ሰጋር በቅሎ ቢይዙ እመክራለሁ፤ ሰጋር በቅሎ እንደ ፈረስ ሶምሶማ አታናውጥም።

ቁርጭምጭሚት

ከውጭ አገር የመጡ ወገኖቻችን ጥቂት ትምህርት ወስደው ሲመጡ አንድ ትእዛዝ ይዘው ይመጣሉ፤ «ተረከዝ ወደ ታች»። ከዋሽንግተን የመጣ አንድ ወንድም ይህን ትእዛዝ ቃል በቃል ፈጽሞ ተረከዙን ሦስት ሰዓት ወደ ታች ሲገፋ ቆይቶ፣ ማታ የቁርጭምጭሚቱ ፊት አብጦ ጫማው አልወልቅ አለው። ተረከዝ ክብደት ሲወርድበት ራሱ ይወርዳል፤ አይገፋም። የተገፋ ቁርጭምጭሚት ይደርቃል፤ የደረቀ ቁርጭምጭሚት ደግሞ ምቱን ሳይቀበል ለጉልበት ያሳልፈዋል። መርገጫው ከጣቶቻችሁ ሥር ባለው ሰፊው የውስጥ እግር ላይ ይሁን፤ ቁርጭምጭሚቱ በየእርምጃው ትንሽ ከፍ ዝቅ ይበል።

የውጭው ጎን ካመመ፣ እግራችሁ በእርካቡ ውስጥ ወደ ጎን ተጋድሟል፤ ብዙ ጊዜም እርካቡ ጠቦ ነው። እርካብ ከጫማው 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል መስፋት አለበት። የድሮ ፈረሰኞቻችን በባዶ እግር ስለሚጋልቡ አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ትንሽ ቀለበት ይበቃቸው ነበር፤ በጫማ ለሚወጣ ሰው ግን አይሆንም። ከሁሉ የሚያስቆጣኝ ከፌሮ ብረት ታጥፎ የተበየደው እርካብ ነው። መርገጫው ክብ ስለሆነ ውስጥ እግርን ይቆረቁራል፣ ይንሸራተታል፣ ብየዳውም ጫማ ይይዛል። እግሩ እንዲህ ባለ እርካብ ውስጥ ተይዞ ፈረሱ ሲደነብር የተጎተተ ልጅ አይቻለሁ፤ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ፤ ጭንቅላቱን ድንጋይ ባለማግኘቱ ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

ጫማችሁ ዝቅተኛ ተረከዝ ያለው፣ ሶሉ ልሙጥ ይሁን። ክፍት ጫማ አይሆንም። ትልቅ ጥርስ ያለው የተራራ ቡትስም አደገኛ ነው፤ እርካብ ውስጥ ይቀረቀራል።

ጣት ብቻ ከደነዘዘ የጫማውን ማሰሪያ አላሉ። በባሌ ተራሮች ያለው የሳነቲ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ይበርዳል፤ እዚያ በጠዋት የሚወጣ ሰው ከመውጣቱ በፊት አሥር ደቂቃ በእግሩ ይሂድ።

መለካት የማያድነው

ከወደቃችሁ በኋላ አራት እርምጃ መራመድ ካቃታችሁ፣ ጉልበቱ ካበጠ ወይም ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ፣ ወደ ሐኪም ሂዱ። አንድ ባት ብቻ አብጦ ከሞቀና ካመመ በዚያው ቀን ሂዱ፤ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ያበጠ ቁርጭምጭሚት «ወለምታ ነው» ተብሎ ራጅ ሳይነሣ ወጌሻ እንዲያሸው አትፍቀዱ፤ የተሰነጠቀ አጥንት ሲታሽ ይለያያል። የሕመም ማስታገሻ ውጦ መጋለብም ያው ነው፤ ክኒኑ ሕመሙን ይደብቃል፣ ጉዳቱ ግን ይቀጥላል።

ስትወርዱ

ቁልቁለቱ ድንጋያማና ገደላማ ከሆነ ውረዱና በእግር ሂዱ። ለመውረድ ባለፈረሱ ልጓሙን ይያዝላችሁ። ሁለቱንም እግር ከእርካብ አውጡ፤ አንዱ እርካብ ውስጥ እያለ ሌላውን ማሻገር ጉልበት ይጠመዝዛል፣ ፈረሱ ከተንቀሳቀሰም ይጎትታችኋል። እግራችሁን በጀርባው በኩል አሻግራችሁ በሆዳችሁ ተደግፋችሁ ቀስ ብላችሁ ተንሸራተቱ፤ አትዝለሉ። መሬት ስትነኩ ጉልበታችሁን ትንሽ አጠፍ አድርጉ፤ እግራችሁ ነፍስ እስኪዘራም ኮርቻውን አትልቀቁ።