ከክፍል የሚቀር የ7ኛ ክፍል ተማሪን እንዴት እናነጋግር? ለትምህርት ቤት አማካሪዎች

መጀመሪያ የስም መጥሪያው ላይ የቀረባቸውን ቀናት ይዩ። በገበያ ቀን ብቻ ከሆነ ቤት ውስጥ ሥራ ይዞት ሊሆን ይችላል። ልጅቷ በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን የምትቀር ከሆነ የወር አበባ መጠበቂያ አጥታ እንደሆነ በሴት መምህር በኩል ያጣሩ።

ከጓደኞቹ ፊት አይጥሩት፤ በዚህ ዕድሜ እንደ ቅጣት ነው የሚቆጠረው። ቢሮዎ ሲገባ፣ የሚነግርዎ ነገር እርስዎ ጋ እንደሚቀር፣ በራሱ ወይም በሌላ ሰው ላይ አደጋ ካለ ግን ለሚመለከተው እንደሚናገሩ አስቀድመው ይንገሩት። "ለምን ቀረህ?" ሰበብ ያስፈጥራል። "የዚያን ዕለት ጠዋት ከተነሳህ ጀምሮ ምን ምን ሠራህ?" ይበሉና ዝም ብለው ያዳምጡ። 20 ደቂቃ ይበቃል።

ልጁን ሳያነጋግሩ ወላጅ መጥራት ትልቁ ስህተት ነው፤ ቤት ሄዶ ከተገረፈ ዳግም አያምንዎትም። ከልጁ ጋር ከክፍል ላለመቅረት የአንድ ሳምንት ስምምነት ብቻ ያድርጉ፤ አርብ ዕለት ራስዎ ፈልገው ያግኙት።