ትንሽ ደሴት ላይ መኪና ሳይከራዩ መዞር፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ትንሽ ደሴት ላይ ለእረፍት ሄዶ መኪና አለመከራየት ብርቅ አይደለም። አንዳንዶቹ ደሴቶች ላይማ የሚከራይ መኪና ጭራሽ የለም። አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ ያለችው ማኪናክ እ.ኤ.አ. በ1898 መኪና ከልክላ እስከ ዛሬ በፈረስ ጋሪና በብስክሌት ትንቀሳቀሳለች። የግሪኳ ሃይድራ የእንግዳ ሻንጣ ሳይቀር በበቅሎ ታስጭናለች። የኬንያዋ ላሙ አሮጌ ከተማ ውስጥ ደግሞ የተጫነ አህያ ሲመጣ ግድግዳ ተጠግቶ ማሳለፍ ነው። ሰው እነዚህ ቦታዎች ሄዶ ደስ ብሎት ይመለሳል። እረፍቱን የሚያበላሸው የመኪና አለመኖር አይደለም። መኪና ያለ ይመስል ማቀድ ነው።

«ትንሽ ናት፣ በእግር እንጨርሳታለን»

ካርታ ላይ አምስት ኪሎ ሜትር ምንም አይመስልም። ካርታው ግን ዳገቱን አያሳያችሁም። ብዙ ትንንሽ ደሴቶች ከባሕር የወጡ የተራራ ጫፎች ናቸው። የግሪኳን ሳንቶሪኒ ውሰዱ። ከአሮጌው ወደብ ፊራ ከተማ ለመውጣት ከ580 በላይ ደረጃ አለ፣ ያለዚያ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚወጣውን የኬብል መኪና ሰልፍ መጠበቅ ነው። በአየር ላይ ቢለካ እኮ እዚያው ናቸው!

ስለዚህ ከኪሎ ሜትሩ በፊት የመንገዱን ቅርጽ እዩ። ካርታው ላይ መንገዱ እንደ እባብ ከተጠማዘዘ ዳገት አለ ማለት ነው። ቀጥሎ የመንገድ ፎቶ ካለ ከፍታችሁ የእግረኛ መሄጃ መኖሩን አረጋግጡ። በሁለት በኩል የድንጋይ አጥር ያለው ጠባብ መንገድ ላይ፣ ከኋላ አውቶቡስ እየመጣ መሄድ ሽርሽር አይባልም። ጥላ መኖሩንም እዩ። የእኩለ ቀን ፀሐይ ሁለቱን ኪሎ ሜትር አራት ታደርገዋለች።

መጀመሪያ አልጋ፣ ከዚያ መንገድ

ለእኔ ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይሄ ነው። ሰው ፎቶው ያማረ፣ ዋጋው የቀነሰ ማረፊያ ያይና ይይዛል። መጓጓዣውን የሚያስበው ከደረሰ በኋላ ነው። ያ ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋጋው የቀነሰው ሩቅ ስለሆነ ነው። ጠዋት ታክሲ፣ ማታ ታክሲ፣ ውሃ ለመግዛት ታክሲ። በሦስተኛው ቀን የተቆጠበው ገንዘብ አልቋል።

መኪና የሌለው ሰው ማደር ያለበት መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ነው። ትንንሽ ደሴቶች ላይ አውቶቡሶቹ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ መናኸሪያ ይነሱና እዚያው ይመለሳሉ። ሳንቶሪኒ ላይ ያ ቦታ ፊራ ነው። ከአንዱ የባሕር ዳርቻ ወደ ሌላው ለመሄድ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ፊራ መግባት፣ ከዚያ መቀየር ያስፈልጋል። ጫፍ ላይ ያደረ ሰው ለእያንዳንዱ ጉዞ ሁለት አውቶቡስ ይይዛል። መሃል ያደረው አንድ ይበቃዋል። የባሕሩ እይታ ቢቀርባችሁ እንኳ መሃሉን ምረጡ እላለሁ። ባሕሩን ቀኑን ሙሉ ታዩታላችሁ።

አከራዩን ስትጠይቁ «ፌርማታው ቅርብ ነው?» አትበሉ። ሩቅ ነው የሚል አከራይ የለም። እንዲህ ጠይቁ፦ ከበሩ እስከ ፌርማታው በእግር ስንት ደቂቃ ነው? ዳገት አለው? ማታ መብራት አለ? የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ያልፋል? ከወደቡ መጥታችሁ ትወስዱናላችሁ? የመጨረሻውን ጥያቄ ሳትፈሩ ጠይቁ። ብዙ አነስተኛ ማረፊያዎች ይህን ያደርጋሉ፣ ካልተጠየቁ ግን ላይናገሩ ይችላሉ።

መሄጃውን አውቆ መመለሻውን አለማወቅ

ጠዋት ሁሉም ነገር አለ። አውቶቡሱም ታክሲውም ሰዉም። ችግሩ አመሻሽ ላይ ነው፤ ባሕር ዳርቻው ላይ የዋለው ሰው በሙሉ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሳል። ማልታ በሞቃቱ ወቅት የሄደ ሰው ይህን ያውቃል። አውቶቡሱ ከሞላ ፌርማታ ላይ ለቆመው ሰው ሳይቆም ያልፋል፣ እጃችሁን ብታወጡም።

ለዚህ ያለው መላ ቀላል ነው። ስትደርሱ ከአውቶቡሱ ወርዳችሁ ወደ ባሕሩ ከመሮጣችሁ በፊት ፌርማታው ላይ የተለጠፈውን የሰዓት ሰሌዳ በስልክ ፎቶ አንሱ። የመጨረሻውን ሳይሆን ከመጨረሻው በፊት ያለውን አውቶቡስ አስቡ። ያመለጠ ወይም የሞላ እንደሆነ አንድ ዕድል ይቀራችኋል። መነሻው ፌርማታ በእግር የሚደረስ ከሆነ ደግሞ እዚያ ሄዳችሁ ተሳፈሩ። መሃል መንገድ ላይ ያለው ፌርማታ የሚያገኘው የተረፈውን ወንበር ነው።

ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁት የሰዓት ሰሌዳ የዚህ ወቅት መሆኑንም እዩ። ብዙ ደሴቶች የሞቃቱ ወቅትና የቀዝቃዛው ወቅት ሰሌዳ አላቸው። እሑድና በዓል ደግሞ ሌላ ነው።

የአገሩን አሠራር ሳይጠይቁ መሳፈር

አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያለችው ቤርሙዳ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ለብዙ ዘመን ለጎብኚ መኪና አታከራይም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ነው ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች የተፈቀዱት። ስለዚህ እንግዳው ሁሉ በአውቶቡስ፣ በፌሪ (ሰው በሚያመላልስ ጀልባ)፣ በሞተርና በታክሲ ሲንቀሳቀስ ኖሯል። አውቶቡሷ ግን ለብዙ ጊዜ የወረቀት ገንዘብ አትቀበልም ነበር፤ ልክ የሆነ ሳንቲም፣ ቶክን (ቀድሞ የሚገዛ ሳንቲም መሰል መሳፈሪያ) ወይም ፓስ (ለተወሰኑ ቀናት የሚያገለግል ትኬት) ይዞ መገኘት ያስፈልግ ነበር። ፌርማታዋ ላይ የቆመው ምሰሶ ሮዝ ከሆነ አውቶቡሱ ወደ ዋና ከተማዋ ሃሚልተን ይሄዳል፣ ሰማያዊ ከሆነ ከሃሚልተን ይወጣል። ይህን ያላወቀ ሰው በተሳሳተው በኩል ቆሞ ሲጠብቅ ይውላል።

ሌሎቹም ደሴቶች የየራሳቸው ነገር አላቸው። ትኬት የሚገዛው ውስጥ ነው ወይስ ከሱቅ? ሹፌሩ ራሱ ይቆማል ወይስ እጅ ማውጣት ያስፈልጋል? የሳምንት ፓስ አለ? ወደቡ ላይ አንድ ሰው መጠየቅ ይበቃል።

ሞተር መንዳትን እረፍት ላይ መማር

ስኩተር ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ የትም ይቆማል። እጅና ጉልበቱ ተልጦ በፋሻ የሚዞር ቱሪስት የበዛውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚህ በፊት ነድታችሁ ካላወቃችሁ ተዉት። መታጠፊያ ላይ የፈሰሰ አሸዋና ጠጠር ለለመደውም ያስቸግራል።

ሌላው የወረቀት ነገር ነው። አከራዩ መንጃ ፈቃድ አልጠየቀም ማለት ሕጉ አይጠይቅም ማለት አይደለም። በብዙ አገር የመኪና መንጃ ፈቃድ ለሞተር አይሠራም፣ ለብቻው የሞተር ምድብ ያስፈልጋል። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ የሚባለው ወረቀትም የአገራችሁን መንጃ ፈቃድ የሚተረጉም ሰነድ እንጂ የሌላችሁን ምድብ አይሰጣችሁም። እዚህ ላይ የጉዞ መድን ይገባል። ብዙ የመድን ውሎች ያለ ተገቢው ፈቃድ ወይም ያለ ሄልሜት ለደረሰ አደጋ አይከፍሉም። ከትንሽ ደሴት ሆስፒታል ወዳለበት ቦታ በጀልባ ወይም በሄሊኮፕተር መወሰድ ምን ያህል ሊያስወጣ እንደሚችል መገመት ነው።

ፓስፖርት በመያዣነት አትስጡ። ቅጂ ወይም ተቀማጭ ገንዘብ ይሻላል። ሞተሩን ስትረከቡ ዙሪያውን ቪዲዮ ቅረጹ፣ የድሮው ጭረት በእናንተ እንዳይላከክ።

የተሰጠውን ብስክሌት ሳይፈትሹ ይዞ መውጣት

የጨው አየር ብረት ይበላል። የደሴት ብስክሌት ስለዚህ ከሌላው ይልቅ መፈተሽ አለበት። ሁለቱንም ፍሬን ጨብጣችሁ ብስክሌቱን ወደፊት ግፉት፤ ጎማው ከዞረ ሌላ ጠይቁ። ካቴናው የዛገ መሆኑን፣ ኮርቻው ለቁመታችሁ የሚስተካከል መሆኑን እዩ። ቁልፍ አብሮ መሰጠቱንም አትርሱ።

ከዚያ ነፋሱን ጠይቁ። ከሰዓት በኋላ የብስ ሲሞቅ ከባሕሩ የሚነፍሰው ነፋስ ይበረታል። ስትወጡ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዛችሁ ሂዱ፣ ድካም ሲመጣ ከጀርባ ይገፋችኋል። ብዙ ሰው ጠዋት እየበረረ ይሄድና መመለሻው ላይ ፔዳሉ አልረገጥ ይለዋል። ማኪናክ ላይ ይህ ብዙም አያሳስብም። ደሴቷን የሚዞረው መንገድ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአብዛኛው ሜዳ ነው፣ መኪናም የለበትም። የኤሌክትሪክ ብስክሌት የያዛችሁ ባትሪው ግማሽ ሳይደርስ ተመለሱ።

«ታክሲ አይጠፋም»

ይጠፋል። ትንሽ ደሴት ላይ ታክሲ በጣት የሚቆጠር ሊሆን ይችላል። ፌሪ ሲደርስ ሁሉም ወደቡ ላይ ናቸው፣ ሌላው ቦታ ባዶ ይሆናል። ከተማ የለመዳችሁት የታክሲ መተግበሪያም ላይኖር ይችላል። ከመጀመሪያው ጥሩ ሹፌር ስልክ ቁጥር ተቀበሉ፣ የማታውን ቀድማችሁ በሱ ያዙ። ሜትር ከሌለው ዋጋውን ሳትገቡ ቁረጡ፦ በሰው ነው ወይስ በመኪና? ሻንጣ ይጨመርበታል?

አንድ ትንሽ ዘዴ ልጨምር። ፌሪው ላይ ሳላችሁ፣ ገና ሳትወርዱ፣ ታክሲ እንድትጋሩ አጠገባችሁ የተቀመጡትን ወዴት እንደሚሄዱ ጠይቁ። ከወረዳችሁ በኋላ ሁሉም ይሯሯጣል፣ ማን ማንን ይሰማል።

ፌሪና አውሮፕላን በአንድ ቀን

ነፋስ ከበረታ ፌሪ ይቀራል። የግሪክ ደሴቶች ባሉበት ኤጌያን ባሕር ላይ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚነፍሰው መልቴሚ ጀልባ በማስቀረት የታወቀ ነው። ከደሴቷ ወጥታችሁ ዓለም አቀፍ በረራ የምትይዙ ከሆነ የመጨረሻዋን ሌሊት ኤርፖርቱ ባለበት እደሩ። ቆንጆዋን ደሴት አንድ ቀን ቀድሞ መተው ያናድዳል፣ አውቃለሁ። የአዲስ ትኬት ዋጋ ግን የባሰ ያናድዳል።

ሻንጣም ቀንሱ። ባለ ጎማ ሻንጣ ድንጋይ ንጣፍና ደረጃ ላይ የምትሸከሙት ዕቃ ነው።

ጨለማውን አለማሰብ

ከምድር ወገብ አጠገብ ባሉ ደሴቶች ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብዙ አይቆይም፣ ድቅድቅ ይላል። መንገድ መብራት ከሌለ ባትሪ ያዙ፣ የስልኩ መብራት ስልኩን ይጨርሰዋል።

አንድም ቀን መኪና ላለመንካት መማል

ያለ መኪና መቆየት ማለት መሐላ አይደለም። አውቶቡስ የማይደርስባቸው ሦስት አራት ቦታዎች ካሉ በየቀኑ አንዱን ለማግኘት አትታገሉ። አንድ ቀን ላይ ሰብስቧቸውና ለአራት ሆናችሁ ኮንትራት ታክሲ ያዙ። ሹፌሩ መንገዱን ያውቃል፣ መኪና ማቆሚያም አትፈልጉም። መንገድ ጭራሽ የማይገባባቸው ዳርቻዎች ካሉ ደግሞ በትንሽ ጀልባ ሂዱ፤ ጠዋት ባሕሩ በአብዛኛው ረጋ ይላል። ባለ ጀልባውን ስንት ሰዓት ተመልሶ እንደሚወስዳችሁ ጠይቁት፣ ከመውረዳችሁ በፊት ስልኩን ያዙ፣ ዳርቻው ላይ ኔትወርክ መኖሩንም እሱኑ ጠይቁት።