የላቲን ቅዳሴ ፍለጋ ስትወጡ ልትጠነቀቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደሴና ከኮምቦልቻ ወጥተው አውሮፓና አሜሪካ የከተሙ ካቶሊክ ልጆቻችን «ሰፈሬ አጠገብ የድሮው የላቲን ቅዳሴ አለ፤ ብሄድ ችግር አለው?» እያሉ ይጠይቃሉ። የድሮው የላቲን ቅዳሴ የሚባለው ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ ከተደረገው የሥርዓት ለውጥ በፊት የነበረው ነው። ቅዳሴ የናፈቀው ሰው ጥያቄ ስለሆነ ደስ ይለኛል።

ትልቁ ስህተት በዓይን መፍረድ ነው። ካህኑ ወደ መንበረ ታቦቱ ዞሮ ይቀድሳል፣ ዕጣኑ ይጤሳል፣ ሴቶቹ ተከናንበዋል። ነጠላዋን አጣፍታ በግእዝ ማስቀደስ ለለመደች የደሴ ልጅ ይህ ሁሉ ቤቷ ነው፤ ብትሳብ አልፈርድባትም። የሥርዓቱ ማማር ግን ካህኑ ፈቃድ እንዳለው አያሳይም። «የጳጳሱ ስም ሲጠራ ሰምቻለሁ» ማለትም አይበቃም። በላቲን የሚቀድሰው፣ ከሮም ጋር ግን ሙሉ አንድነት የሌለው የቅዱስ ፒዮስ 10ኛ ማኅበር ካህናት የሮማውን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳትና የአካባቢውን ጳጳስ ስም በቅዳሴያቸው ይጠራሉ። መጠየቅ ያለበት «እዚህ ከተማ እንዲያገለግል ማን ላከው?» ተብሎ ነው። መልሱ የአካባቢው ሀገረ ስብከት ጽሕፈት ቤት ይገኛል።

ሌላው ሁሉንም አንድ አድርጎ ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የተመሠረተው የቅዱስ ጴጥሮስ ወንድማማቾች ማኅበር በላቲን ይቀድሳል፤ ከሮም ጋር ግን ሙሉ አንድነት አለው። በ2021 የወጣው የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ሕግም ለአሮጌው ሥርዓት ፈቃድ የሚሰጠው የየሀገረ ስብከቱ ጳጳስ መሆኑን ደነገገ። «የሮም መንበር ባዶ ነው» የሚሉት ደግሞ የሮማውን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ራሱን አይቀበሉም፤ እነሱ ዘንድ አትሂዱ።

«ውግዘቱ ስለተነሣ ሁሉም ተስተካክሏል» የሚለውም ብዙ ሰው ያሳስታል። የቅዱስ ፒዮስ 10ኛ ማኅበር መሥራች ሊቀ ጳጳስ ማርሴል ለፌቭር በ1988 ያለ ሮም ፈቃድ አራት ጳጳሳት ሾሙ፤ ውግዘት ተከተለ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ በጥር 2009 የአራቱን ጳጳሳት ውግዘት አነሡ። በዚያው ዓመት መጋቢት በጻፉት ደብዳቤ ግን ማኅበሩ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሕጋዊ አቋም እንደሌለው፣ አገልጋዮቹም አገልግሎታቸውን በሕጋዊ መንገድ እንደማይፈጽሙ በግልጽ አስቀመጡ። የተነሣው በሰዎቹ ላይ የነበረው ቅጣት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «ቅዳሴያቸው ባዶ ነው» ማለት ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። ክህነታቸው እውነተኛ ስለሆነ ቁርባኑም እውነተኛ ነው፤ የጎደለው ፈቃድ ነው። ለኑዛዜ ፍራንቸስኮስ በ2015 ለምሕረት ዓመት ሥልጣን ሰጧቸው፤ በ2016 ደግሞ አራዘሙላቸው። ጋብቻ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። በ2017 የተሰጠው መመሪያ የአካባቢው ጳጳስ ፈቃድ እንዲሰጥ መንገድ ከፈተ እንጂ ፈቃዱን አላስቀረም። እኛ ደግሞ የግእዝ ሥርዓት ልጆች በመሆናችን የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና ይመለከተናል። ስለዚህ ሠርግ ከመቆረጡ በፊት ለባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት ጻፉ፤ አዳራሽ ተከራይቶ፣ ዘመድ ተጠርቶ ሳለ ፈቃድ ጎደለ ቢባል ለቤተሰብ ትልቅ ሐዘን ነው።

በዚህ ማኅበር ዘንድ የሚያስቀድሱትን ግን አትስደቡ። ወሎ ላይ ከሙስሊሙም ከኦርቶዶክሱም ጋር በሠርግም በለቅሶም አብረን እንቀመጣለን፤ ከእነዚህ አስቀዳሾች ጋርም የሚያጣላን አንዳች ነገር የለም። አቅራቢያችሁ የግእዝ ቅዳሴ የሚቀደስበት የሐበሻ ካቶሊክ ማኅበረሰብ እንዳለ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከሌለም የሰፈራችሁ ቁምስና አለ።