ሽንትዎ ከቀላ

የሽንት ናሙና ስቀበል መጀመሪያ የምጠይቀው «ትናንት ቀይ ሥር በልተዋል?» ብዬ ነው። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲንም ሽንትን ብርቱካንማ ያደርጋል። በማይክሮስኮፕ ቀይ የደም ሴል ከታየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሚያቃጥል ከሆነ ኢንፌክሽን፣ ጎንን ሰንጎ የሚይዝ ከሆነ የኩላሊት ጠጠር ይጠረጠራል። አዋሽ ሸለቆ ውስጥ ውኃ ሲዋኝ የከረመ ልጅ ከሆነ ቢልሃርዝያን (ከውኃ በቆዳ በኩል የሚገባ ትል የሚያመጣውን በሽታ) አስባለሁ፤ የትሉ እንቁላል በብዛት የሚወጣው ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ስለሆነ ናሙናው በዚያ ሰዓት፣ የመጨረሻዎቹ ጠብታዎች ሳይቀሩ ይሰብሰብ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሕመም የሌለው ደም ነው፤ በተለይ በሚያጨስ ወይም ዕድሜው በገፋ ሰው። አንድ ቀን ታይቶ ቢጠፋ እንኳ «ተሻለኝ» ብለው አይቅሩ፤ የካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል አልትራሳውንድና የሽንት ፊኛን በካሜራ ማየት ያስፈልጋል። የረጋ ደም ሽንት ከዘጋብዎት ሳያድሩ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።